በሦስተኛው ቀን አንቲባዮቲክ? ስለ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሳምንታት ስለ ጉንፋን የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰዎች ደርሶኛል፤ አንዷ እናቴ ናት። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት ስለሆነ ጽሑፉ በስልኬ ብቻ ሳይሆን በሰው አፍም እየመጣ መስኮቴ ላይ ይቆማል። «ሦስት ቀን ሆኖኛል፤ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» የሚለኝ ሰው በርክቷል፤ ሦስተኛው ቀን ከየት እንደመጣ ስጠይቅም ስልኩን አውጥቶ ያሳየኛል። አንብቤ ዝም ለማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

የጸሐፊው ስም ጽሑፉ ላይ የለም፤ ክርክሬም ከሐሳቡ ጋር እንጂ ከሰውየው ጋር አይደለም። ሐሳቡን ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የአንድ በሽታ ሁለት ስሞች ናቸው፤ መነሻቸው ብርድና ንፋስ ስለሆነም መከላከያው መስኮት ዘግቶ መሸፋፈን ነው ይላል። ሁለተኛ፣ ዳማከሴ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ፌጦና የባሕር ዛፍ እንፋሎት በሽታውን ከሥሩ ይነቅሉታል ይላል። ሦስተኛ፣ በእነዚህ በሦስት ቀን ውስጥ ካልለቀቀ ጉንፋኑ ወደ ደረት እየወረደ ስለሆነ አንቲባዮቲክ መጀመር እንደሚገባ ይመክራል። አራተኛ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ራሱ በሽታውን ያሲዛል፣ በየዓመቱ መለዋወጡም ላለመሥራቱ ማስረጃ ነው ይላል። አምስተኛና መጨረሻ፣ ኢንፍሉዌንዛ የሚገድለው የአውሮፓንና የአሜሪካን ሽማግሌዎች ነው፤ በፀሐይ አገር የሚኖር ጉልበተኛ ወጣት የሚፈራው ነገር የለም ብሎ ይደመድማል።

ጽሑፉ ልክ የሆነባቸው ቦታዎችም አሉ። የታመመ ሰው ይረፍ፣ ፈሳሽ በብዛት ይጠጣ፣ ሥራ ቦታ እየሄደ ሌላውን አያስይዝ ይላል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለኝም። ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም መድኃኒት ከኢንፍሉዌንዛ ይድናል ማለታቸውም እውነት ነው። እንዲያውም ከዚህ በታች የምላቸው ነገሮች በአብዛኛው የሚነሡት ከዚህ እውነት ነው።

ከስሙ ልጀምር። ቋንቋችን በዚህ ረገድ ለጸሐፊው በከፊል ያደላል፤ አፍንጫ ሲፈስም፣ ጉሮሮ ሲከረክርም፣ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ትኩሳት አልጋ ላይ ሲጥልም የምንለው «ጉንፋን ያዘኝ» ነው። ነገር ግን ስማቸው አንድ ስለሆነ በሽታዎቹ አንድ አይሆኑም። ተራውን ጉንፋን የሚያመጡት ቫይረሶች ከ200 ይበልጣሉ፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን የራሱ ቫይረስ ያለው ሌላ በሽታ ነው፤ ይህም ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1933 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ተለይቶ ወጥቷል። አመጣጣቸውም የተለያየ ነው። ተራው ጉንፋን በማስነጠስ ጀምሮ ቀስ እያለ ይመጣል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን ጠዋት ደኅና ሆኖ ሥራ የገባውን ሰው ከሰዓት በኋላ እየተንቀጠቀጠ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል፤ ሳሉና ድካሙ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊዘልቁ ይችላሉ። እነዚህን ቀኖች አንባቢ በልቡ እንዲይዛቸው እለምናለሁ፤ የጸሐፊው «ሦስተኛ ቀን» የት ላይ እንደሚወድቅ በኋላ እናያለን።

ወደ ብርዱና ወደ ንፋሱ ስንመጣ፣ ይህ የጸሐፊው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም እምነት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ በረታበት አንድ ማታ፣ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ታክሲው ሞልቷል፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል፣ መስተዋቱ በትንፋሽ ላብ አልቦታል። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ያለ ማቋረጥ ይስላል፤ አፉንም አይሸፍንም። አጠገቤ ያለውን መስኮት የአንድ ጣት ያህል ከፈት አደረግሁት። ከኋላዬ የነበሩ እናት ወዲያው ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ አድርገው «ልጄ፣ ኧረ ንፋሱ መታኝ፣ ዝጊው» አሉኝ። በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሰው ናቸውና ዘጋሁት። እስከ ጀሞ ድረስም ሁላችንም የዚያን ልጅ ሳል ስንተነፍስ ሄድን።

በዚያ ታክሲ ውስጥ የሚያሰጋው ከውጭ የሚገባው ንፋስ አልነበረም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስና ሲናገር በሚወጡ ጠብታዎችና በአየር ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ እንዲሁም በተበከለ እጅ አማካይነት ይተላለፋል። የተዘጋ ክፍል እነዚህን ቅንጣቶች ያጠራቅማል፤ የተከፈተ መስኮት ደግሞ ይበትናቸዋል። ስለ ሳንባ ነቀርሳ በየጤና ጣቢያው «መስኮት ክፈቱ» ተብሎ ስንት ዓመት ተነገረን! ለኢንፍሉዌንዛም የሚሠራው ያው ምክር ነው። የተሰራጨው ጽሑፍ ግን በሽታውን የሚያራባውን ነገር መከላከያ ብሎ ይመክራል።

በብርድ ላይ አንድ ነገር ልቀበል። ብርድ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ግንኙነት የለውም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። በኒው ዮርክ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት፣ በጊኒ ፒግ ላይ በተደረገ ሙከራ ቫይረሱ በቀዝቃዛና ደረቅ አየር በቀላሉ እንደሚተላለፍ፣ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ግን በአየር መተላለፉ እንደሚቆም አሳይቷል። ሆኖም የሙከራውን አሠራር ልብ እንበል፤ ጤነኛው እንስሳ የታመመው በሽተኛው እንስሳ አጠገቡ ስለነበረ ነው። በሽተኛ በሌለበት ብርዱ ብቻውን ማንንም አላሳመመም።

ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ሆኖ የሚታየኝ ምሳሌ ከሰሜን ዋልታ አቅራቢያ የመጣ ነው። በስፒትስበርገን ደሴት ላይ ሎንግየርቢየን የምትባል፣ ያኔ የድንጋይ ከሰል ማዕድን የነበረች መንደር አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1930 እና በ1931 ተመራማሪዎች እዚያ ተቀምጠው የነዋሪዎቹን ጉንፋን መዘገቡ። ክረምቱ ሲገባ ባሕሩ ይረጋል፣ መርከብ አይመጣም፤ ነዋሪው እኛ ልንገምተው በማንችለው ቅዝቃዜ ውስጥ ወራት ሲያሳልፍ ጉንፋን ከመንደሩ ይጠፋል ማለት ይቻላል። በግንቦት አየሩ ሞቅ ብሎ በረዶው ሲቀልጥና የመጀመሪያው መርከብ ወደብ ሲደርስ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መንደሩ በሙሉ ያስላል። ብርድ በሽታውን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ሕመሙ በክረምት በብዛት፣ በበጋ ጥቂት በሆነ ነበር። ጉንፋኑን ያመጡት በመርከቡ የተሳፈሩ ሰዎች ናቸው። በሌላው ጫፍ ደግሞ፣ ሐጅ በከባድ ሙቀት ወር ላይ ሲውልም ከመካ የሚመለሰው ሰው ብዙ ጊዜ እየሳለ ነው የሚመለሰው።

ስለ ቤት መድኃኒቱ ብዙ አልከራከርም፤ እኔም ሲያመኝ የእናቴን ዝንጅብልና ማር እጠጣለሁ። ትኩስ ነገር ጉሮሮን ያለዝባል፤ ማር የሳልን ሌሊት እንደሚያቀልል ጥናቶችም አሳይተዋል፤ አጥሚትና ሾርባ ምግብ ለዘጋው በሽተኛ አቅም ይሰጡታል። ዳማከሴ ጨምቆ ማሽተትም ቢሆን የሚያስከፋኝ ነገር አይደለም። የማልስማማው «ከሥሩ ይነቅላል» በሚለው ቃል ነው፤ ምክንያቱም ከእነዚህ አንዱም በሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እንደሚያጠፋ አልተረጋገጠም፤ ይነቅላል ብሎ ያመነ ሰውም መድኃኒቱን እየደጋገመ ጤና ጣቢያ የሚሄድበትን ቀን ያሳልፋል። ጸሐፊው ሳይጠቅሷቸው የቀሩ ሦስት ጥንቃቄዎችም አሉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። የፈላ ውሃ ላይ ጎንበስ አድርጎ ሕፃን ማጠን ፊትና ደረት ያቃጥላል። ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ልጅ አስፕሪን መስጠትም ጉበቱንና አንጎሉን በሚጎዳ ከባድ ሕመም ላይ ሊጥለው ስለሚችል የተከለከለ ነው፤ ለትኩሳት የሚሰጠው በክብደቱ ልክ የተመጠነ ፓራሲታሞል ነው። እግረ መንገዴን ለአዋቂዎችም ላስታውስ፤ ለጉንፋን ተብለው ከሚሸጡት ቅልቅል መድኃኒቶች ብዙዎቹ በውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው፣ በእነርሱ ላይ ሌላ ፓራሲታሞል የሚደርብ ሰው ሳያውቀው መጠኑን እያለፈ ጉበቱን ይጎዳል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ማለትም ይህን ምላሽ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ምክር ልምጣ።

አሞክሳሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ባክቴሪያው ዙሪያውን የሚሠራውን ግድግዳ በማፍረስ ነው። ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ መድኃኒቱ የሚመታው ነገር አያገኝም። ይህ ስለ መድኃኒቱ ጥንካሬ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም፤ «ጠንከር ያለውን ስጪኝ» ለሚለኝም፣ «መርፌ ይሻለኛል» ለሚለኝም መልሱ አንድ ነው።

ታዲያ ስንት ሰው «እኔ ግን ወስጄ ድኛለሁ» ለምን ይላል? ሰዎቹ አይዋሹም፤ ድነዋል። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኳቸውን ቀኖች እናስታውስ። የኢንፍሉዌንዛ ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። በሦስተኛው ቀን አንቲባዮቲክ የጀመረ ሰው በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቀው ያመሰገነው መድኃኒቱን ነው፤ በዚያው ሦስተኛ ቀን ውሃ ብቻ ቢጠጣም በአራተኛው ቀን ይነሣ ነበር። ጸሐፊው ራሳቸው በሽታው በራሱ ጊዜ እንደሚለቅ ጽፈዋል፤ እንደዚያ ከሆነ በሦስተኛው ቀን የተወሰደው መድኃኒት አዳነ የሚሉት በምን ለይተውት ነው? አንድ ነገር ከሌላው በኋላ ስለመጣ በእርሱ ምክንያት መጣ ማለት አይቻልም፤ የጽሑፉ ስሕተት በአብዛኛው የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

በዚህ ነጥብ ውስጥም እውነት የሆነ ፍሬ አለ፤ እርሱን ካልተቀበልኩ ፍትሐዊ አልሆንም። ኢንፍሉዌንዛ ሳንባን ካቆሰለ በኋላ ባክቴሪያ ተከትሎ ሊገባና ሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1918ቱ ወረርሽኝ ከሞቱት አብዛኞቹ የሞቱት እንዲህ ባለ ተከታይ ሳንባ ምች እንደነበር በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ታውቋል፤ ያኔ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ስለዚህ አንቲባዮቲክ ኢንፍሉዌንዛ በያዘው ሰው ላይ ፈጽሞ አያስፈልግም አልልም። የሚያስፈልገው ግን የቀን መቁጠሪያ ሦስት ስላለ ሳይሆን፣ የሳንባ ምች ምልክት ስለታየና የጤና ባለሙያ ስላረጋገጠ ነው። ሳንባ ምች ለያዘው ልጅ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ያው አሞክሳሲሊን መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል፤ ዛሬ ለማይመለከተው በሽታ ስናባክነው ባክቴሪያዎቹ ይለማመዱትና በሚያስፈልገን ቀን አይታዘዝልንም። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል።

ባለፈው ወር አንዲት እናት ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጇን በጋቢ ታቅፋ መስኮቴ ላይ ቆመች። የፈለገችው ሽሮፕ ነው። ልጁ ከታመመ አምስተኛ ቀኑ ነው፤ በሦስተኛው ቀን ከታላቅ እህቱ የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ጀምራለታለች፤ አሁን አልቆባታል። የያዘችውን ጠርሙስ ተቀብዬ አየሁት፤ ዱቄቱ በውሃ ከተበጠበጠ ከወር በላይ ሆኖታል፤ እንዲህ ያለ ሽሮፕ ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ከሰባት ቀን በላይ አይቀመጥም። ጋቢውን ገለጥ እንድታደርግልኝ ጠይቄ ሰዓቴን ይዤ የልጁን ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ 54 ሆነ። ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ሽሮፕ አልሸጥኩላትም፤ የጤና ጣቢያው በር ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ከዚያ ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ላኩት፤ ከሳምንት በኋላ ድኖ ወጥቷል። እናትየው ግድየለሽ አልነበረችም። መድኃኒት ጀምሬለታለሁ ብላ ስላመነች ነው እነዚያን ሁለት ቀናት በቤት ያሳለፈቻቸው።

የሦስት ቀኑ ምክር በሌላ በኩልም ይጎዳል። በቫይረሱ ላይ በቀጥታ የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ከእነርሱ የታወቀው ታሚፍሉ በሚል የንግድ ስም የሚጠራው ኦሴልታሚቪር ነው። ይህ መድኃኒት ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ምልክቱ ከጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በጤነኛ ሰው ላይ ሕመሙን የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም አይታዘዝም፤ እንደ ልብም አይገኝም። ነገር ግን ነፍሰ ጡር፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመምተኛ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር ሰው፣ አረጋዊና ሕፃን ከባድ ትኩሳት ከያዛቸው በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል። የጽሑፉን ምክር የተከተለች ነፍሰ ጡር ግን ለማንም ሳትታይ ሁለቱን ቀን ታሳልፋለች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ በሽታዋን የማይመለከት መድኃኒት ትውጣለች።

አራተኛው ነጥብ ክትባት ነው። ክትባቱ በኢትዮጵያ በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር ውስጥ ስለሌለ ጉዳዩ ለብዙ አንባቢ የሩቅ ይመስል ይሆናል፤ ሆኖም ጽሑፉ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በስቶክሆልም ባሉ ወገኖቻችን ስልክም ገብቷል፤ በውጭ ልጆቻቸው ዘንድ የሚከርሙ አረጋውያን ወላጆችም ያነቡታል። በመርፌ የሚሰጠው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የተገደለ ቫይረስ ወይም የቫይረሱን ክፍልፋይ ብቻ የያዘ ስለሆነ በሽታውን ሊያሲዝ አይችልም። ይህ በሙከራም ተፈትኗል፤ ለግማሾቹ ሰዎች እውነተኛው ክትባት፣ ለግማሾቹ የጨው ውሃ ማንም ሳያውቅ ተወግቶ በኋላ ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሳልና ስለ ድካም ሲጠየቁ በሁለቱ ወገኖች መካከል የተገኘው ልዩነት የተወጋው ክንድ ሕመም ብቻ ነበር። «ከተከተብኩ በኋላ ያዘኝ» የሚለው ሰውም የሚናገረው የደረሰበትን ነው፤ ክትባቱ የሚሰጠው ሌሎቹ የጉንፋን ቫይረሶች በሚበዙበት ወቅት ነው፤ መከላከያውን ለማሳደግም ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በአፍንጫ የሚነፋ፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዘ ክትባት መኖሩን ግን መካድ አይገባም፤ እርሱ ቀላል የአፍንጫ ፍሳሽ ሊያመጣ ይችላል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን አያሲዝም።

ክትባቱ በየዓመቱ መለዋወጡ ላለመሥራቱ ማስረጃ ነው የሚለውን ግን ፈጽሞ አልቀበልም። የሚለዋወጠው ቫይረሱ ነው። በመላው ዓለም ያሉ ላቦራቶሪዎች የሚዘዋወረውን ዝርያ ይከታተላሉ፤ በእኛም አገር የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ክትትል ያደርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በየካቲትና በመስከረም አካባቢ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ የቀጣዩ ክትባት ከየትኞቹ ዝርያዎች እንደሚዘጋጅ ያስታውቃል። ሌባው ቁልፍ ማስመሰል ስለቻለ ቁልፉን የሚቀይር ባለቤት ቁልፍ አይጠቅምም አላለም። ክትባቱ ፍጹም አለመሆኑ እውነት ነው፤ ከሚዘዋወረው ዝርያ ጋር በደንብ በተስማማበት ዓመትም ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ሕመምን የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ነው። ይህ ጥቂት የሚመስለው ካለ በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ የተደረገውን ጥናት ይመልከት፤ ነፍሰ ጡሮች ሲከተቡ ኢንፍሉዌንዛ በእናቶቹም፣ ለክትባት ገና ባልደረሱት ሕፃናቶቻቸውም ላይ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ጥናቱ የተደረገው በአፍሪካ እናቶች ላይ ነውና «የፈረንጅ ነገር» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ይህ ወደ መጨረሻው ነጥብ ይወስደናል። ኢንፍሉዌንዛ የሩቅ አገር ሽማግሌዎች በሽታ ነው የሚል ጽሑፍ በአማርኛ መጻፉ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም የኅዳር በሽታን ለማያውቅ ሰው አማርኛ ራሱ ይነግረዋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀው በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ የሚገመተው ያው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። ቀባሪ ጠፍቶ፣ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ተኝቶ የቀረበት ወር ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ አውጥተን የምናቃጥለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው ልማድ የዚያ ወር መታሰቢያ ነው። በዚያን ጊዜ በጽኑ ከታመሙት አንዱ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 26 ነበር፤ ጉልበተኛ ወጣት ማለት ከዚህ ሌላ ምን አለ? የዚህ፣ እ.ኤ.አ. የ1918ቱ፣ ወረርሽኝ ልዩ ምልክትም ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን በብዛት መግደሉ ነበር።

ያ ልዩ ወረርሽኝ ነው፣ የዘወትሩ ኢንፍሉዌንዛ ግን በእኛ ዘንድ ቀላል ነው የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2002 በማዳጋስካር ደጋ መንደሮች የሆነውን እጠቅሳለሁ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ27 ሺህ በላይ ሰዎች ታመው 800 ያህሉ ሞተዋል። ቫይረሱ አዲስ ወረርሽኝ አልነበረም፤ በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ሲዘዋወር የነበረ የወቅቱ ዝርያ ነው። ከባድ ያደረገው የምግብ እጥረቱና የጤና ጣቢያው ርቀት ነበር። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ኢንፍሉዌንዛ በዓመት ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ ሰዎችን በመተንፈሻ አካል ሕመም ይገድላል፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በተያያዘ የሳንባ ሕመም ከሚሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 99 በመቶዎቹም በታዳጊ አገሮች ያሉ ናቸው። በሀብታም አገሮች በብዛት የሚሞተው አረጋዊ ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ የእኛን ሕፃናት ግን ከቁጥሩ አውጥተዋቸዋል።

ጽሑፉ በብዙ ሺህ ስልኮች ላይ ስላለ ይነሣል ብዬ አልጠብቅም። ጸሐፊው ይህን ካነበቡ ግን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ሦስተኛው ቀን በጻፉት ዓረፍተ ነገር ፈንታ ይህን ያስገቡልኝ፦ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለ ሕፃን 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ሁለት ወር ያልሞላው 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፤ አዋቂውም ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ከወጋው፣ መቃዠት ከጀመረ፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆት ተሽሎት ሳለ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ከባሰ ሳል ጋር ከተመለሰበት፣ ቀኑ ሁለተኛም ይሁን ሰባተኛ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።